ባለ ሁለት ገመዱ መጭመቂያ

አናጺው የድርቆሽ መጭመቂያውን ግቢያቸው መሃል ተክሎላቸው በሄደ ማግስት፣ አሮጊቷ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን አስጠሩ። ይርዳውና ገደፋው ሠርግ ቤት በተወረወረች አንዲት ቀልድ ተኳርፈው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

መጭመቂያው ረዘም ያለ የእንጨት ሳጥን ነው። ገመዱ ሲሳብ ክዳኑ ወደ ታች ይወርድና ድርቆሹን ጠቅጥቆ ለማሰር ያመቻቸዋል።

«አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» አሉ እናትየው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገመድ እያቀበሉ። «እኩል ካልሳባችሁ ክዳኑ ተጣሞ ይሰበራል። ዋ! ብትሰብሩብኝ!»

ይርዳው ቀድሞ ሳበ። «ተጣመመ!» ብለው እናትየው ጮኹ። ገደፋው ቀደመ። የባሰ ጮኹ።

«እየቆጠርክ ሳብ እንጂ!» አለ ገደፋው በመጨረሻ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ።

«አንተስ አፍ የለህም?» አለ ይርዳው። ቢሆንም ቆጠረ። «አንድ... ሁለት... ሳብ!»

አሥረኛው እስር ሲወጣ ያችኑ የሠርግ ቤት ቀልድ እየደገሙ ይንከተከቱ ነበር። ለምሳም ተያይዘው ገቡ።

አናጺው ሥራውን ሊያይ ብቅ ሲል፣ አሮጊቷ ብቻቸውን አንዱን ገመድ በአንድ እጃቸው እየሳቡ አሥራ አንደኛውን ሲጠቀጥቁ ደረሰ።

«እማማ፣ እኔ የገጠምኩት አንድ ገመድ ነበር። ይሄኛውን ማን ጨመረው?»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል» አሉት። «ይልቅ ለሦስተኛ ገመድ ቦታ ይኖረዋል? የልጄም ባል አኩርፏል።»