ሙርጋ የቆመችበት በር

ባዝራዋ ሙርጋ ከኢስትራቴ በር ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ቫርቫራ በተረከዟ ጎሰም አደረገቻት፤ ልጓሙን ነቀነቀች፤ ተቆጣች። ባዝራዋ ግን እስከ ጉልበቷ በረዶው ውስጥ ተተክላ፣ ትንፋሿን ቡፍ ቡፍ እያደረገች፣ አሮጌውን የእንጨት በር ትኩር ብላ ታያለች።

«ሂጂ እንጂ! ከሰው ሁሉ በር የእሱን መረጥሽ?»

ከጧት ጀምሮ በላይኛው መንደር ቤት ለቤት እየዞረች ለአባቷ ተዝካር ሰው ስትጠራ ነው የዋለችው። ቅዳሜ አርባ ቀኑ ነው። በዚህ በረዶ ያለ ፈረስ እዚያ አይወጣም። እናቷ የኮርቻውን ጠፍር እያጠበቀችላት፣ «የሁሉንም በር አንኳኪ፤ የዚያን ሰውዬ በር ግን ዞረሽም እንዳታዪው» ብላታለች።

ሰውዬው፣ ኢስትራቴ፣ የአባቷ የጋቭሪል ታናሽ ወንድም ነው። ድንበር ላይ በበቀለች አንዲት ጥድ «ቆረጥካት»፣ «አልቆረጥኳትም» ተባብለው፣ ዳግመኛ ላይነጋገሩ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆመው ከማሉ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ለቀብሩም አልመጣም። ቫርቫራ ሌላውን ሁሉ ብትተው ይህን አትተወውም። የእናቱ ልጅ አፈር ሲለብስ ያልቆመ ሰው፣ ምኑ ሰው ነው?

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው የበግ ለምዱን ደርቦ፣ ራሱን ሳይሸፍን፣ ጨው የተነሰነሰበት የዳቦ ቅርፊት ይዞ ወጣ። ወደ ኮርቻው ቀና አላለም። በቀጥታ ወደ ባዝራዋ ሄደና መዳፉን ዘረጋላት።

«ጠፋሽ እኮ» አላት፣ ባዝራዋን። «አምስት ቅዳሜ ሙሉ ጠበቅኩሽ። ከስተሻልም። እነዚያ ሴቶች ገብስ አይሰጡሽም እንዴ?»

የቫርቫራ ደም ፈላ። «ጋሼ ኢስትራቴ! እኔ እዚህ ተቀምጬ ፈረስ ያናግራሉ?»

«ለምዶብኝ ነው፣ ልጄ።» አሁንም አንገቱን አላነሳም። «አባትሽ በየቅዳሜው ድርቆሽ ሊያወርድ ሲወጣ እዚህ ይቆማል። አይወርድም፤ ግባም አልለውም። እኔ ለእሷ እነግራታለሁ፣ እሱም ለእሷ ይመልሳል። የማልነው እርስ በርስ ላንነጋገር ነው፤ ፈረስ አናናግርም አላልንም። መጀመሪያ እናቷ ነበረች፤ እናቷ ስትሞት እሷ ተተካች።»

«ምን ትባባሉ ነበር?»

«ምን እንባባላለን! ‹ለዚያ ድንጋይ ራስ ንገሪው፣ የጣሪያውን በረዶ ካልጠረገ ቤቱ አናቱ ላይ ይወርዳል› እላታለሁ። ‹ለዚያ ሰነፍ ንገሪው፣ መጀመሪያ የራሱን አጥር ያቁም› ይላታል። አንቺ ያገባሽ ሰሞን፣ ‹ልጄን ዳርኩ በዪው› አላት። እኔም ‹እንኳን ደስ አለህ በዪው› ብዬ ገብቼ አለቀስኩ።» ከንፈሩ ፈገግ አለ። «መልሱን ሳትሰማ ደግሞ ንቅንቅ አትልም። ተናዶ ዝም ያለ ቀን በረዶ ላይ ገትራው ነው የምታመሸው!»

ቫርቫራ መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያመሽ «መንገዱ ነው፣ በረዶው ነው» ይል ነበር፤ እናቷ እየተነጫነጨች ሾርባውን ሦስቴ ታሞቃለች። ከዚያ ሊሞት ሰሞን የሆነው ትዝ አላት። አንደበቱ ተይዞ፣ ዓይኑን ከበር ላይ አልነቅል ብሎ ነበር። ቄስ ፈልጎ ነው ብለው ቄስ አስመጡለት። ቄሱ መጥተው ጸለዩለት፤ ዓይኑ ግን ከበሩ አልተነቀለም።

«ታዲያ ለምን አልመጡም?» ድምፅዋ ተሰበረ። «በር በሩን ሲያይ እኮ ነው የሞተው።»

ሽማግሌው የባዝራዋን ጋማ ጨበጠ።

«መጥቼ ነበር። ከመቃብሩ አጥር ውጪ ቆሜ ነበር። ቄሱ ‹ይቅር በሉት› ሲሉ አገሩ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቅር አለው። እኔ ላላናግረው ምዬ ምን አፍ አለኝ? በማግሥቱ ወደ ቄሱ ሄጄ፣ ‹አባቴ፣ ከመሐላዬ ይፍቱኝ› አልኳቸው። ‹የሁለት ሰው መሐላ ሁለቱም ሳይቀርቡ እንዴት ይፈታል?› አሉኝ። ሁለተኛውን ከየት ላምጣው?»

ቫርቫራ እናቷን አሰበች፤ ቅዳሜ የሚነሳውን ጩኸት አሰበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በባዝራዋ ጆሮ አጠገብ፣ ሽማግሌው እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች።

«ሙርጋ፣ ለዚህ ሽማግሌ ንገሪልኝ። ቅዳሜ የወንድሙ አርባ ነው። የተዝካሩ ስንዴ በማር ይቀቀላል። ከአባቴ ወንበር አጠገብ ቦታ አለ።»

ኢስትራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ የአባቷ ዓይን ነው፤ ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገራትም። ከዚያ ወደ ባዝራዋ ተመለሰ፤ ሁለቱን ጉንጮቿን ይዞ ግንባሩን ከግንባሯ አስደገፈ።

«ንገሪው» አላት። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ብዙ አስቸገረው። «ጥዷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ በዪው። ያን ዓመት ማገዶ አልቆብኝ ነበር። ቆረጥኩና አፈርኩ፤ አፍሬ ካድኩ፤ ከካድኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። እኔ አይደለሁም ብዬ፣ ዳግመኛ ላንነጋገር በሥዕሏ ፊት ያስማልኩትም እኔው ነኝ። ይቅር ይበለኝ በዪው።»

በረዶው በባዶ ራሱ ላይ መውረድ ጀምሯል። ሙርጋ ከመዳፉ የቀረውን ጨው ላሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ፣ ወደ ኮርቻው አዞረች፤ መልሱን እስክትሰማም ቆማ ትጠብቅ ጀመር።