ለጓደኛ ደውል

“ኤዶ፣ በአላህ ድምፁን ጨምሪልኝ!” አለ ዘካሪያ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ።

ሰፈሩ ሁሉ “ኤዶ”፣ አክስቴ፣ የሚላት ባለሻይ ቤቷ ፋርቱን የወተት ሻይ መቅዳቷን ትታ ሪሞቱን አነሳች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የሻይ ቤቷ ቴሌቪዥን የሚሠራው ጓሮ ውስጥ በሚያጓራው ጀነሬተር ነው፤ ዘካሪያም ከቤቱ ወጥቶ እዚህ የመጣው ለዚሁ ጀነሬተር ብሎ ነው። የልጅነት ጓደኛውን በውድድሩ ማስታወቂያ ላይ ካየ ጀምሮ እህል በቅጡ አልወረደለትም። ይችን እሑድ በመብራት ምክንያት ሊያጣት አልፈለገም።

ስክሪኑ ላይ ያ ጓደኛው፣ ይሁን፣ ተቀምጧል። ወፍሯል፤ ጸጉሩም ከግንባሩ ሸሽቷል። በቀጥታ በሚተላለፈው የስፖርት ጥያቄና መልስ ውድድር አንድ በአንድ ሁሉንም ጥሎ ለመጨረሻው ጥያቄ ደርሷል።

“ዋርያ፣ ይሄ የወልደሥላሴ ልጅ አይደለም እንዴ?” አሉ አደን፣ ከጥግ የተቀመጡት የከብት ደላላ።

“እሱ ነው፣ አዴር” አለ ዘካሪያ፣ አጎቱን እንደሚጠራ። “የኔው ይሁን ነው።”

“የኔው” ሲል አፉ ትንሽ ተያዘ። ሁለቱ አንድ ሰፈር አድገው፣ ኳስ የሚሉት በሽታ አንድ ቀን የያዛቸው ልጆች ነበሩ። የወልደሥላሴ ሱቅ ውስጥ፣ በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያላዩት ጨዋታ የለም። በ2010 ክረምት ጅጅጋ ስትታመስ ያ ሱቅ ነደደ። ይሁን ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ለዘካሪያ ደወለ፤ ደጋግሞ ደወለ። ዘካሪያ ዕቃ ሊያስጭን ወደ ድንበር ከተማዋ አይሻ ወርዶ ነበር፤ ስልኩ አልሠራ ብሎት አንዱም ጥሪ አልገባለትም። ሲመለስ ያገኘው አመድ ብቻ ነው። ይሁን ከተማዋን ለቆ፣ ቁጥሩን ቀይሮ፣ በሰው በኩል አንዲት ቃል ልኮለት ነበር፤ “ደወልኩ፣ አላነሳህም።” ዘካሪያ ምላሽ ላከ፣ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ይመነው? እሱ ግን ቁጥሩን አልቀየረም። ሌላ ስልክ ሲገዛ እንኳ ያችኑ ሲም ካርድ ነው የሚያዞራት። ሞኝ ነው ይሉታል፤ ይበሉት።

“በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያዋን ወርቃማ ጎል ያስቆጠረው ተጫዋች ማነው?” አለ አቅራቢው።

ዘካሪያ ሳያስበው ሳቀ። ፈረንሳይና ፓራጓይ! ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ይሁን ሆዱን ይዞ ወደ ጓሮ የሮጠባት ጨዋታ። ጎሏ ገብታ፣ ጨዋታው እዚያው አልቆ፣ ሰው ሁሉ ሊበተን ሲል ነው ሱሪውን እያስተካከለ የመጣው።

ይሁን አንገቱን አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ” አለ። “እኔ ያኔ ሽንት ቤት ነበርኩ። እሱ አይቷል፤ ዕድሜ ልኬን ሲስቅብኝ ኖሯል።”

“ለጓደኛ የመደወል ዕድልህ አልተነካም። የት ነው ያለው?”

“ጅጅጋ።”

ሻይ ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። አንዱ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ሌላው የዘካሪያን ትከሻ ያዘው። አቅራቢው ስልክ ሲያቀብለው ይሁን ማንንም ሳይጠይቅ፣ የትም ሳይመለከት ቁጥሩን ነካ ነካ አደረገ። በቃሉ ይዞት ኖሯል።

ዘካሪያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ባትሪው ሙሉ ነው። ኔትወርክ የለም።

መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎት እንደሚሄድ በዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም። በካራማራ ተራራ በኩል እህቱ ቤት ቢሄድ ኖሮ፣ እዚያ ኔትወርክ ስለማይጠፋ ስልኩ ይሠራ ነበር፤ እሷ ግን ጀነሬተር የላትም። እሱ ደግሞ ያሰበው ስለ ማየት ብቻ ነው። ይደውልልኛል ብሎ መች አስቦ!

“ወደ ውጭ! ወደ ውጭ ውጣ!” ጮኸች ፋርቱን።

በር ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ወንበር አምጥተውለት ወጣበት። ምንም የለም። ከጀርባው፣ ከቴሌቪዥኑ፣ አገር ሁሉ የሚያውቃት የሴትዮዋ ድምፅ መጣች፤

“የደወሉላቸው ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ሊገኙ አይችሉም።”

ዘካሪያ ከወንበሩ ሳይወርድ ዞረ። ይሁን ስልኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“ምናልባት እንደገና ብትሞክር…” አለ አቅራቢው።

“አይ፣ ተወው” አለ ይሁን። ፈገግ ለማለት ሞከረ። “ያኔም እንዲሁ ነበር።”

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ “ያኔ” መቼ እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። አቅራቢውም ሳቀ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን የሳቀ አልነበረም። አደን ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

“ትሬዜጌ” አለ ይሁን።

“ብላን ነው!” ብሎ ጮኸ ዘካሪያ። “ሎራን ብላን! ይሁኔ፣ ብላን ነው!”

ቀይ መብራት በራ። ይሁን ከአቅራቢው ጋር ተጨባብጦ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ወደ መጋረጃው ሄደ። ወዲያው የዘይት ማስታወቂያ ተተካ፤ አንዲት ሴት እየዘፈነች ሽንኩርት ታቁላላለች።

ዘካሪያ ከወንበሩ ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ፋርቱን ሻዩን ይዛ መጣችና አጠገቡ አስቀመጠችለት።

“ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ልጄ” አለችው።

“እሱ በምን ያውቃል፣ ኤዶ?”

ጀነሬተሩ ያጓራል። ዘካሪያ ኔትወርክ የሌለውን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ሌላውን ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ።

“ሃሎ፣ ይሁኔ” አለ። “አለሁ።”