የስንቅነሽ ኮከብ

በአዲሱ ሕግ እያንዳንዱ ሰው ሰማይ ላይ አንድ ኮከብ ተመዝግቦለታል፤ ኮከቡ ከወደቀ በመዝገቡ ሰውየው ሞቷል። ችግሩ፣ መዝገቡ ተራ ተወርዋሪ ኮከብን ከሰው ኮከብ አይለይም። የነሐሴ ተወርዋሪዎች መዝነብ ሲጀምሩ ስንቅነሽና ባሏ ደምመላሽ በራቸው ላይ ቆመው አንጋጠጡ።

"አይዞሽ፣ ያንቺ እንዳንቺው ሰነፍ ናት፤ አትሮጥም" አላት።

"አፍህን ያዝ! ይልቅ ያቺን እያት!"

አንዷ ከጣሪያቸው በላይ ተወርውራ ጠፋች። ስንቅነሽ ደንግጣ ለመግባት እጇን በሩ ላይ ብታሳርፍ፣ ከመዝገቡ ጋር የተገናኘውና ሰውን በእጁ የሚለየው በር አላወቃትም። ደምመላሽ ሲነካው ግን "እግዜር ያጽናዎት፤ ይግቡ" አለው።

"ምን ያጽናኛል! ይቺው ቆማ የለ እንዴ! አልሞተችም!"

"በመጀመሪያው ቀን ሐዘንተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው" አለ በሩ በርኅራኄ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ያህል እየተከፈተ።