የከንፈሩ ጫፍ

የአባቷን የከንፈር ጫፍ እንደገና በላጲስ አጠፋችው። ሳምንቱን ሙሉ ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ የሰው ፊት ስታሳምር ትውል ነበር፤ ማታ ደግሞ ከስልኳ አትላቀቅም። ዓይኗ ሲቃጠልባት ጊዜ፣ በእረፍት ቀኗ ስክሪን ላታይ ምላ አባቷን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ መሳል ጀመረች። እጇ ግን አላርፍ አላት፤ አውራ ጣቷ ሳታስበው ወረቀቱን እንደ ስልክ ወደ ላይ ይገፋል።

«አባዬ፣ አፍህን አታጣምም።»

«ኧረ የራሴው አፍ ነው» አላት። «ይልቅ ቶሎ በይ፣ ወገቤ ተቆረጠ።»

ብትስለው ብትስለው የግራው ጫፍ ወደ ታች ይወርድባታል። ኮምፒውተር ላይ ቢሆን በአንድ ጠቅታ ታቃናው ነበር። በስጨት ብላ ላጲሱን ልታነሳ ስትል ቀና ብላ ደህና አድርጋ አየችው። የሳለችው ልክ ነበር። ከንፈሩ ወርዷል፤ ሲቀመጥ ግን እንዲህ አልነበረም።

«አባዬ፣ እስቲ ሳቅልኝ።»

ሳቀላት። የሳቀው ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር። እጆቹን እንዲያነሳ ስትጠይቀው የቀኙ ተነሳ፣ የግራው ጉልበቱ ላይ ቀረ። ሌላ ክፍል የነበረውን ወንድሟን ጠርታ መኪናውን እንዲያስነሳ ነገረችውና በአባቷ ብብት ሥር ገብታ አነሳችው።

«ሳትጨርሺው?» አላት፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ተኮላተፈበት።

«ስንመለስ» አለችው፣ ደረጃውን እየደገፈች ስታወርደው።

ሆስፒታል እንደደረሱ ሐኪሟ እየተጣደፈች «መቼ ነው የጀመረው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ማሰብ አላስፈለጋትም።

«ቅድም» አለች። «እያየሁት።»