የጋሽ ገሪማ ጆሮ

አምፕሊፋየሩ ዳግመኛ ተመልሶ ሲመጣ ይርጉ ከመቀመጫው አልተነሳም። ተሸካሚዎቹ ከይርጋጨፌ አውቶቡስ አውርደው ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ የጥገና ሱቁ በር ላይ አስቀመጡለት። ባለቤቱ ጋሽ ገሪማ ከዘራውን እየተመረኮዘ ከኋላ መጣ።

"አሁንስ ምን ሆነ?" አለ ይርጉ።

"ያው ነው ወንድሜ። ድሮ ጊታሬ በዚህ ሲወጣ ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ለስላሳ። አሁን ቀጥኖ ይሻክራል። ከሥሩም እንደ ዝንብ ጢዝ ይላል።"

"ዝንብ የለበትም!"

"አትጩህብኝ እንጂ፤ እዚሁ ፊትህ ነኝ እኮ።"

ይርጉ በረጅሙ ተነፈሰ። ጋሽ ገሪማ በጎልማሳነቱ በሆቴል ባንድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ይመታ ነበር፤ የአምፕሊፋየሩ ሣጥንም የዚያን ዘመን ነው። ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች አሉት። ዛሬ እንዲህ ያለ ቱቦ የሚሸጥ የለም። ይርጉ እስከ ቡሌ ድረስ ወጥቶ ከሞቱ ሬዲዮኖች ሆድ ውስጥ እየለቀመ ቀይሮለታል። ያረጁትን ኮንደንሰሮች አውጥቷል፤ የዛገውን ፍቋል። የቴስተሩ መርፌ መቆም ባለበት ቦታ ይቆማል። ዕቃው ደህና ከሆነ የቀረው ጆሮ ብቻ ነው።

ይህን ግን ፊት ለፊት አይናገርም። እርጅናን እሱም ያውቀዋል፤ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም። የሰዉም ነገር ያደክመዋል። የዛሬ ሰው አፉን መክፈት ይሰለቸዋል፤ ቃሉን ይውጠዋል። ስለዚህ ደንበኛ ሲመጣ በመስኮቱ ብርሃን በኩል ፊቱን እንዲያዞር አድርጎ ያስቀምጠዋል።

የይርጉ ልጅ ሚሊዮን በሱቁ ሌላኛው ግማሽ ስልክ ይሸጣል። ጋሽ ገሪማ ሲሄድ ወንበሩን ስቦ አባቱ ፊት ተቀመጠ።

"አባባ፣ ተስማምተናል አይደል? ይሄ ዕቃ እንደገና ከተመለሰ በቃ፣ ታቆማለህ። ቤት ታርፋለህ።"

"ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። የጆሮ ነው።"

"የማንም ጆሮ ይሁን። ደንበኛው ካልረካ አበቃ።"

ይርጉ መበየጃውን አንስቶ ጫፉን ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ እዚች ወንበር ላይ ነው የዋለው። ቤት ተቀምጦ ምን ያደርጋል? መበየጃ ያልያዘ እጁን የት ያኖረዋል?

በማግስቱ የተረፉትን ቱቦዎች በካልሲ ጠቅልሎ፣ ሣጥኑን አስጭኖ፣ ራሱ ወደ ይርጋጨፌ ሄደ። እዚያው ሰውዬው ዓይን ሥር ሊጨርሰው ነው። የቀይ ቡና ወቅት ስለሆነ አውቶቡሱ በጭነት መኪኖች ኋላ ተንፏቆ ደረሰ። ይርጉ አስፋልቱን ሲሻገር አንድ ባጃጅ ልብሱን ታክኮ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አፉን ያንቀሳቅሳል።

"ክላክስ እንኳን አያደርጉም" አለ ይርጉ ለራሱ።

የጋሽ ገሪማ ልጅ ሩሃማ በሩን ከፈተችለት። ይርጉ ጠጋ አላት።

"አባትሽ ሬዲዮ ሲከፍት ያስጮኸዋል?"

"ኧረ ጋሼ! እንዲያውም ይቀንሰዋል፤ ጩኸት አይወድም።" ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "ደግሞ ቀስ በል፣ ይሰማሃል።"

ቢሰማማ ምን ነበረበት፣ አለ ይርጉ በልቡ።

ሣጥኑን አስቀምጦ ሰካው። ጀርባውን ሲከፍተው ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ ብርቱካንማ ሆነው በሩ። አጠፋና የመሐሉን ቀየረ፤ የቱቦውን መቀመጫ አጠበቀ፤ እንደገና አብርቶ ለካ። ከዚያ ክዳኑን አስሮ ፊቱን ወደ እነሱ አዞረው። ፊት ለፊት ያለችው ቀይ መብራት ከተቃጠለች ዓመታት አልፈዋል፤ የሚፈልጋትም የለም።

ሩሃማ ሻይ አቅርባላቸው ወደ ጓሮ ወጣች።

"ልንገርህ ጋሽ ገሪማ" አለ ይርጉ፣ "ይሄ ከተመለሰ ልጄ ሱቁን ያዘጋኛል።"

"አንተን? ከዚያስ ምን ልትሠራ?"

"ግድግዳ አያለኋ።"

ጋሽ ገሪማ ሳቅ አለ። ሻዩን ቀስ ብለው ጠጡ። ይርጉ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ወፍጮ ቤት ሴቶች እህላቸውን እንደያዙ ወጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ባለወፍጮውም ዱቄቱን ከፀጉሩ እያራገፈ ወጣና አጠገባቸው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሁሉም ደክሞታል፣ ብሎ አሰበ ይርጉ።

"በል እስቲ" አለ።

ጋሽ ገሪማ ጊታሩን አንስቶ ከሣጥኑ ጋር አገናኘ። የመጀመሪያዋን ክር መታና እጁ ቆመ። ሣጥኑን አየ። ቀጥሎ ይርጉን አየው። ይርጉ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን በዝግታ ይወዘውዛል። ጥቂት ቆይቶ ገለጥ አደረገና፦

"ቀጥል እንጂ!" አለ።

ጋሽ ገሪማ ቀጠለ። ዜማውን ከራሱ እስከ ጭራው፣ አንድም ሳይዘል ተጫወተው። የይርጉ ትከሻ ዝቅ አለ፤ የከረመ ሸክም የወረደለት መሰለው።

"እህስ?"

ጋሽ ገሪማ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። የይርጉን ፊት አየ።

"አሁን ልክ ነው።"

"ጢዙስ?"

"ምንም የለም። ጭራሽ የለም።"

"አላልኩህም!" ይርጉ ጭኑን መታ። "አላልኩህም ጋሽ ገሪማ!"

"ለልጅህ ንገረው። እንዳንተ ያለ ሠሪ የለም ብሏል በለው። ሱቁን እንዳትዘጋ።"

ይርጉ ዕቃውን ሰበሰበ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ እንደ ጎረምሳ ቀለል ብሎ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ሩሃማ እጇን እያደረቀች ከጓሮ ገባች።

"አባዬ፣ መብራት ከጠፋ ቆየ እኮ፤ ምኑን ሰምታችሁ ነው ልክ ነው የምትባባሉት?"