በረጋ ገንዳ ውስጥ

በጎጄ ደሴት የመርከብ መሞከሪያ ገንዳ፣ ውሃው እስኪረጋ ሃያ ደቂቃ ሳይጠበቅ ሞዴል አይነካም። ዛሬ ግን መሐንዲሷ ሚሪዮንግ የምትሞክረው አልነበራትም። መወዛወዟን ለመቀነስ ዓመቱን ሙሉ የለፋችባት መርከብ፣ ታናሽ ወንድሟን ተሀንን አሳፍራ ጠዋት ወደ ጄጁ ደሴት ሄዳለች። ገንዳው ውስጥ የቀረችው ሦስት ሜትር የምትሆነው ሞዴሏ ናት።

ሞዴሏ ብቻዋን ወደ ግራ ዘመም አለች።

"ጋሽ ዶክሱ፣ ነክተዋታል?"

"አፌን ሩዝ ሞልቼ?" አሉ ሽማግሌው ቴክኒሻን ምሳቸውን ሳይተዉ። "ማዕበሉን የሚሠራው ሞተርም ጠፍቷል።"

ሞዴሏ አልተመለሰችም። ቀስ እያለች አጋደለች፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተገለበጠች። ውሃው ላይ አንዲት ሞገድ አልታየችም።

ሚሪዮንግ ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች። በዚህ ሥራ ትንሿ ከትልቋ ስድስት እጥፍ ፈጥና እንደምትወዛወዝ ታውቃለች። የሞዴሏ ሁለት ደቂቃ፣ ለመርከቧ አሥራ ሁለት ነው።

"ደግሞ ስጋትሽ ጀመረሽ፣ እትዬ?" አለ ተሀን እየሳቀ። "ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ቁጭ ብዬ መንደሪን እየላጥኩ ነው።"

"ተነሥና ወደ ላይ ውጣ። አሁኑኑ።"

"ለምን ብዬ? ቆይ እስቲ... መንደሪኖቹ ወዴት ነው የሚንከባለሉት?"