ሰባ ኪሎ

ሐኪሙ «ለልጅዎ ኩላሊት መስጠት የሚችሉት ከሰባ ኪሎ በታች ሲሆኑ ነው» አላት። እናት ያን ቀን ሰማንያ አንድ ነበረች።

አንጀቷን አስራ ቁርስና እራት ተወች። በየሳምንቱ መንገድ ዳር ሚዛን ላይ ትወጣለች። ቁጥሩን ራሷ ታነባለች፤ ፊደልም ቁጥርም ያስቆጠረቻት ልጇ ማስተዋል ናት፤ ታማ አልጋ ላይ ሆና። ሰባ አምስት ትደርስና ተመልሳ ትጨምራለች፤ ማስተዋል ቀምሳ የምትተወውን ምግብ መድፋት አይሆንላትም።

«እማ፣ ትርፌን ለድመቷ ስጪያት!»

«እህል ይጣላል እንዴ ልጄ?»

ሚዛኑ ላይ ስትወጣ፣ «እትዬ፣ ዛሬም ድግስ ነበር?» ይላል የልጇን ነገር የነገረችው ባለ ሚዛኑ እየሳቀ።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ጠፋች። አንድ ጠዋት በዚያ ስታልፍ ባለ ሚዛኑ አጎንብሶ ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። በጫማዋ ለያት።

«እትዬ፣ የት ጠፉ? ይውጡ እንጂ!»

እግሯ እንደለመደው ወጣች። መርፌው ተወዛውዞ ቆመ። ቁጥሩን ከእሱ ቀድማ አነበበችው።

«ስልሳ ስምንት!» ብሎ ጮኸ ባለ ሚዛኑ፣ እንዳጎነበሰ። «እሰይ! ልጅዎን አዳኗት በቃ! በምን ቻሉት?»

እጇን ሊጨብጥ ቀና ሲል፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ጥቁር ነጠላ ለብሳ አያት።